አዲሱ ፑላችን ውሃ ያፈሳል፣ ሰሪው ደግሞ የኛው ሰው ነው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቤትና ግንባታ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዓምድዎን ሁሌ ነው ማነበው፣ ዛሬ ደግሞ የኔ ተራ ደርሶ ላስቸግርዎት ነው። ምኖረው ከዳላስ ወጣ ብሎ ጋርላንድ ነው። እኔና ባለቤቴ ስንት አመት ደብል ሺፍት ሰርተን ያጠራቀምነውን ብር አውጥተን ለልጆቻችን ጓሮ ውስጥ ፑል (መዋኛ ገንዳ) አሰራን፣ 15 ጫማ በ30 ጫማ ነው፣ ኮንክሪቱ ጋናይት ሚባለው በግፊት የሚረጨው ሆኖ ውስጡ ነጭ ፕላስተር። የተዋዋልነው በ84 ሺ ዶላር ነው፣ 76ቱን ከፍለናል። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ውሃ ተሞላ፣ ዘመድ ጎረቤት ተጠርቶ ቡና ተፈልቶ ተመረቀ፣ እንዴት ደስ እንዳለን አልነግርዎትም።

አሁን 7 ሳምንት ሆነው። ውሃው በቀን 1 ኢንች ያህል ይወርዳል፣ በየቀኑ በጎማ እየሞላሁ ነው። በቤቱ በኩል ውሃው የዳሩ ታይል ግማሽ ላይ ይደርሳል፣ በአጥሩ በኩል ግን ታይሉን ሊሸፍነው ምንም አልቀረውም። ከስኪመሩ (ዳር ላይ ሆኖ የውሃውን የላይ ቆሻሻ ከሚስበው ሳጥን) ስር ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ስንጥቅ ወጥቷል። ወለሉ ላይ ነጫጭ ሻካራ ነገር እየበቀለ የልጆቹን እግር ይልጣል። ዳሩ ላይ ያለው ድንጋይና የዙሪያው ሲሚንቶ ተላቋል። ትንሿ ልጄ ደግሞ ስትወጣ የብረት መያዣውን ስትነካ "ማሚ ነዘረኝ" ትላለች፣ እኔ ጸሀይ ያጋለው ብረት መስሎኝ ነው ያለፍኩት።

ሰሪውን ስጠይቀው መጀመሪያ "አዲስ ኮንክሪት ውሃ ይጠጣል እስኪጠግብ ነው" አለ፣ ቀጥሎ "አፈሩ ነው፣ የእግዜር ስራ ነው እኔ ምን ላድርግ" አለ፣ አሁን ደግሞ ቀሪውን 8 ሺ ስጡኝና ውሃውን አፍስሼ ስንጥቁን ልለስነው ይላል፣ ካልሆነ ቤታችሁ ላይ ሊየን (የዕዳ መያዣ) አስይዛለሁ ብሎ ለባለቤቴ ቴክስት አድርጎለታል። ችግሩ ሰውየው የኛው ሰው ነው፣ አንድ ቤተክርስቲያን ነን፣ ሚስቱ የልጄ ክርስትና እናት ናት። ባለቤቴ ዝም በይ በሽማግሌ ያልቃል ይለኛል። እኔ ደብዳቤ ልጽፍለት አስቤ ክስ እንዳይመስልብኝ ፈራሁ። ምን ላድርግ?

ጭንቅ የያዛት እናት፣ ከጋርላንድ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። አንቺ መጨረሻ ላይ እንደዋዛ ያነሳሻትን ነገር ነው እኔ መጀመሪያ ምይዘው፣ የልጅሽን። ይቺን መጽሔት አስቀምጪና ሂጂ፣ የፑሉን ብሬከሮች በሙሉ አጥፊ፣ የፓምፑንም የመብራቱንም፣ ማንም ሰው እግሩን እንኳን ውሃው ውስጥ እንዳያስገባ። ጸሀይ ያጋለው ብረት ያቃጥላል እንጂ አይነዝርም። ልጅ ነዘረኝ ካለች ነዝሯታል።

ለምን እንደሚሆን ላስረዳሽ። የፑል ኤሌክትሪክ ሲሰራ ቦንዲንግ የሚባል ነገር አለ፣ በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ፌሮ፣ የብረት መያዣው፣ መሰላሉ፣ የመብራቱ ቤት፣ የፓምፑ ሞተርና በዙሪያው ያለው ንጣፍ በሙሉ 8 ቁጥር በሆነ ድፍን የመዳብ ሽቦ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፣ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኮድ አንቀጽ 680 ነው ይሄን የሚያዘው። ሁሉም ከተያያዘ በመካከላቸው የቮልቴጅ ልዩነት አይኖርም፣ አንዱ ካልተያያዘ ግን እርጥብ እጅና እርጥብ እግር ያለው ልጅ ራሱ ሽቦ ይሆናል። ስለዚ ነገ ጠዋት የመጀመሪያው ስልክ ለሰሪው ሳይሆን ላይሰንስ ላለው ኤሌክትሪሽያን ነው፣ ቴክሳስ ውስጥ የኤሌክትሪክ ላይሰንስ የሚሰጠው ቲዲኤልአር የሚባለው የስቴቱ መስሪያ ቤት ነው፣ ስሙን አስገብተሽ ማጣራት ትችያለሽ። ሁለተኛው ስልክ ለመብራት ድርጅቱ ነው፣ አንዳንዴ ብሬከሩ ጠፍቶም ንዝረቱ አይጠፋም፣ ያኔ ምንጩ ከመንገድ የሚመጣው መስመር ሊሆን ስለሚችል መጥተው ይለካሉ። ኤሌክትሪሽያኑ ከመጠገኑ በፊት ፎቶ እንዲያነሳና ያገኘውን በጽሁፍ እንዲሰጥሽ ንገሪው። አንድ ነገር ደግሞ ለባለቤትሽም ለልጆቹም ንገሪያቸው፣ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ኤሌክትሪክ ሲይዘው ካዩ ዘለው እንዳይገቡ፣ መጀመሪያ ብሬከር ነው፣ ከዛ ብረት ባልሆነ ነገር መሳብ፣ ከዛ 911። ስንት ሰው ነው ሰው ላድን ብሎ ገብቶ የቀረው።

ፓምፑ ለጥቂት ቀን ሲጠፋ በዚ ሙቀት ውሃው አረንጓዴ ይሆንብሻል፣ ይሁን፣ አረንጓዴ ውሃ በኬሚካል ይመለሳል።

እሱ ከተስተካከለ በኋላ ወደ ውሃው እንምጣ። "ኮንክሪቱ ውሃ ይጠጣል" የሚለው መልስ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ እውነት አለው፣ 7 ሳምንት ሙሉ በቀን 1 ኢንች የሚጠጣ ኮንክሪት ግን የለም። ግን አንቺም "1 ኢንች ያህል" ብለሽ ብቻ አትሂጂ፣ በዳላስ በጋ ከሩብ እስከ ሶስት ስምንተኛ ኢንች በትነት ብቻ ሊሄድ ይችላል፣ ሰውየውም ትነት ነው ሊልሽ ነው። መለያው ባልዲ ነው። ኤሌክትሪሽያኑ ደህና ነው ካለሽ በኋላ ባልዲ ውስጥ የፑሉን ውሃ ትሞያለሽ፣ እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ትጨምሪበታለሽ፣ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ታስቀምጪውና የባልዲው ውስጥ ውሃና የፑሉ ውሃ እኩል እንዲሆን አድርገሽ በውስጥም በውጭም በቴፕ ምልክት ታደርጊያለሽ። በነዚህ ቀናት ማንም አይዋኝም፣ በጎማም አይሞላም። ፓምፑ ጠፍቶ 24 ሰአት፣ ከዛ እንደገና አስተካክለሽ ፓምፑ እየሰራ 24 ሰአት። ባልዲውም ፑሉም ያው ጸሀይ ያው ንፋስ ነው የሚያገኛቸው፣ ስለዚ ፑሉ ከባልዲው በላይ የወረደው በሙሉ ፍሳሽ ነው። ፓምፑ ሲሰራ ብዙ ከወረደ ውሃ በሚገፉት ቧንቧዎች በኩል ነው፣ ፓምፑ ቢሰራም ባይሰራም እኩል ከወረደ ኮንክሪቱን፣ ስኪመሩን ወይ የመብራቱን ቱቦ ጠርጥሪ። በኔ ልምድ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የስኪመሩ ፕላስቲክ ከኮንክሪቱ ጋር በሚገናኝበት ጉሮሮ ላይ ነው፣ ያንቺ ስንጥቅም የሚጀምረው ከዛው ነው። ውሃው ጸጥ ባለበት ሰአት እዛ ጋር ትንሽ ቀለም በመርፌ ጠብ ስታደርጊ ቀለሙ ወደ ስንጥቁ ከተሳበ አገኘሽው ማለት ነው። ቪዲዮ ቅረጪው።

ይሄን ያህል ስለ ውሃው የማወራው ለውሃ ክፍያው ብዬ አይደለም። ባንቺ ፑል ስፋት 1 ኢንች ማለት 280 ጋሎን ነው። ለትነት ሶስት ስምንተኛውን ብንተውለት እንኳን በቀን 175 ጋሎን ገደማ፣ በወር ከ5 ሺ ጋሎን በላይ ከፑሉ ስርና ከቤታችሁ መሰረት አጠገብ እየገባ ነው። የገባበት አፈር ደግሞ ምን አይነት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ከሳን አንቶኒዮ ጀምሮ በዳላስ አድርጎ እስከ ሬድ ሪቨር ድረስ ያለው ብላክላንድ ፕሬሪ የሚሉት መሬት የኛ አገር መረሬ ነው፣ ዋልካ የምንለው። ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ ክረምት ላይ አብጦ እግር ይውጣል፣ በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። እንግዲህ ባንድ በኩል ብቻ በየቀኑ እያጠጣሽው፣ በሌላው በኩል ደርቆ እየተኮማተረ፣ ኮንክሪቱ ምን ሊሆን ነው። ፍሳሹ ስንጥቁን ያሰፋል፣ ስንጥቁ ፍሳሹን ይጨምራል።

ስለዚ "አፈሩ ነው የእግዜር ስራ ነው" የሚለውን አልቀበለውም። አፈሩ ትናንት አልመጣም፣ ዳላስ ላይ ቆፍሮ የሚበላ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አፈሩ እንዲህ ስለሆነ ነው የአፈር ምርመራ የሚደረገው፣ አፈሩ እንዲህ ስለሆነ ነው ፌሮው ተቀራርቦ የሚታሰረው፣ አንዳንዴም ከስር ፒር የሚሉት ወደ መሬት የሚወርድ የኮንክሪት ምሰሶ የሚተከለው። ልትጠይቂው የሚገባው ጥያቄ ይሄ ነው፦ የአፈር ምርመራ ተደርጎ ነበር ወይ፣ ማህተም ያለበት የኢንጂነር ድሮዊንግ አለ ወይ፣ የተሰራው በሱ መሰረት ነው ወይ። ሶስቱንም በጽሁፍ።

አሁን ስለ ውሃው መስመር፣ እኔን በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው። በአንድ በኩል ታይሉ ግማሽ፣ በሌላ በኩል ሊሸፈን ምንም አልቀረውም አልሽ። ግንበኛ ውሃ ልክ ይዞ የሚዞረው ለምን ይመስልሻል፣ ከውሃ የተሻለ ልክ የሚናገር ስለሌለ ነው፣ አንቺ ጓሮ ውስጥ ደግሞ 30 ጫማ ርዝመት ያለው ውሃ ልክ ተኝቷል። ፓምፑ ጠፍቶ ውሃው ሲረጋ በአራቱም ማዕዘን ከታይሉ አናት እስከ ውሃው ድረስ በሜትር ለኪ፣ ቁጥሩንና ቀኑን ጻፊ። ጥሩ ሰሪ ከሩብ ኢንች በላይ ልዩነት አይተውም። ግን ዋናው ነገር ልዩነቱ ራሱ አይደለም፣ ሲጀመር ተጣሞ ነው የተሰራው ወይስ በኋላ ነው የተንቀሳቀሰው የሚለው ነው፣ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። የምርቃቱ ቀን ፎቶ አንስታችሁ የለ? ከቡናው ጀርባ የፑሉ ዳር የሚታይበት ፎቶ ፈልጊ፣ የዛን ቀን ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል ከነበረ ፑሉ ከዛ ወዲህ ነው የተንቀሳቀሰው፣ ያኔም እንዲሁ ከነበረ ግን ሲሰራ ነው የተጣመመው። በየ2 ሳምንቱ ደግመሽ ለኪ፣ ቁጥሩ እየተለወጠ ከሄደ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ደግሞ ተለስኖ አይቆምም።

ፎቶ ካልኩ አይቀር፣ ሲሰራ ያነሳችሁትንም ሁሉ ሰብስቢ። ልጆቹ ጉድጓዱ አጠገብ ቆመው የተነሱት ፎቶ ላይ ፌሮው ይታያል፣ ኢንጂነር ያንን አይቶ በስንት ኢንች ርቀት እንደታሰረ ይቆጥራል፣ ከስሩ ማስቀመጫ ብሎኬት ተደርጎለት ነበር ወይስ አፈሩ ላይ ተኝቶ ነበር የሚለውንም ያያል። አፈር ላይ የተኛ ፌሮ ኮንክሪት ውስጥ ሳይሆን ከኮንክሪት ስር ነው የሚቀረው፣ ስራውን አይሰራም። ሌላም ልጠይቅሽ፣ ጋናይቱ ሲረጭ ከግድግዳው ነጥሮ የሚወድቀውን አሸዋ አሸዋ የሚለውን ትርፍ ጠርገው ጣሉት ወይስ ለደረጃውና ለማዕዘኑ መሙያ አደረጉት? ከተረጨ በኋላስ ለሳምንት ያህል ውሃ እያጠጣችሁ ነበር? ትዝ የሚልሽን ሁሉ አሁኑኑ ጻፊው፣ ከ6 ወር በኋላ አታስታውሺውም።

ስንጥቁን በተመለከተ፣ ሁሉም ስንጥቅ አንድ አይደለም። ፕላስተሩ ላይ ብቻ እንደ ሸረሪት ድር የተበታተነ እንደ ጸጉር የቀጠነ ከሆነ መልክ ያበላሻል እንጂ ውሃ አያፈስም፣ ለሱ ብለሽ ሰው አትጣዪ። አንድ ወጥ ሆኖ የሚወርድ፣ ታይሉንና የዳሩን ድንጋይ ሳይቀር አቋርጦ የሚሄድ፣ ጥፍር የሚያስገባ ከሆነ ግን የኮንክሪቱ ነው። ያንቺ ከስኪመሩ ወደላይ ታይሉንም ሰንጥቆት እንደሆነ እዪ። ከአጠገቡ ሳንቲም አድርገሽ ፎቶ አንሺው፣ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ በእርሳስ አስምረሽ ቀኑን ጻፊ፣ ስንጥቁ መስመሩን ካለፈ እየጨመረ መሆኑን ታውቂያለሽ።

የዳሩ ድንጋይና የዙሪያው ሲሚንቶ መላቀቁን ግን እንደ ጥፋት አትቁጠሪበት፣ ለሰውየውም ፍትሀዊ እንሁን። ሁለቱ መሀል ሆን ተብሎ ክፍተት መተው አለበት፣ በሚለጠጥ ማስቲክ ነው የሚሞላው፣ እየሰፋና እየጠበበ እንዲጫወት። በሲሚንቶ ደፍነውት ከሆነ ነው ጥፋቱ፣ ያኔ ዙሪያው ሲያብጥ ድንጋዩን እየገፋ ታይሉን ያረግፈዋል።

ነጫጩ ሻካራ ነገር ካልሲየም ነው። ሁሉም ቦታ ላይ እንደ አሸዋ ወረቀት ከተነጠፈ የውሃው ኬሚካል ነው፣ እዚህም እዚያም እንደ ኪንታሮት እየነጠለ ከወጣ ደግሞ ፕላስተሩ ከስር ካለው ኮንክሪት የተላቀቀበት ወይ የተሰነጠቀበት ቦታ ይሆናል፣ በሳንቲም መታ መታ ስታደርጊው ባዶ ድምጽ ካሰማ እሱ ነው። አዲስ ፕላስተር በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ተንከባካቢ ይፈልጋል፣ በየቀኑ ይቦረሻል፣ ፒኤቹ (የውሃው የአሲድነት ልክ) ይለካል፣ ጨው አይጨመርም። ይሄን ማን ነበር የሚሰራው? ኮንትራቱ ላይ ሰሪው ነው ካለ መዝገቡን ጠይቂው፣ እናንተ ናችሁ ካለና ካልሰራችሁት ግን ይሄኛው በናንተ ላይ ሊዞር ይችላል፣ አስቀድመሽ እወቂው።

ውሃውን አፍስሼ ልለስነው ያለውን በፍጹም እንዳትቀበዪ። አንደኛ፣ መረሬ ውሃ በጠጣበት ሰአት ፑል ባዶ ማድረግ አደገኛ ነው፣ ከስር የተጠራቀመው ውሃ ባዶውን ኮንክሪት እንደ ጀልባ ሊያነሳው ይችላል፣ ወለሉ ላይ ያለው የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ መኖሩና መስራቱ ሳይረጋገጥ አይሞከርም። ሁለተኛ፣ ስንጥቁ ከተለሰነ በኋላ ማስረጃው አብሮ ይለሰናል። መጀመሪያ የምትፈልጊው ጥገና ሳይሆን ምክንያት ነው። ፒ.ኢ. (ፕሮፌሽናል ኢንጂነር) ማዕረግ ያለው፣ ጥገና የማይሸጥ፣ ከማንም ኮንትራክተር ጋር የማይሰራ ስትራክቸራል ኢንጂነር ቅጠሪ፣ አይቶ ማህተሙን አድርጎ ሪፖርት ይስጥሽ። ገንዘብ ያስወጣል፣ አውቃለሁ፣ ግን በዚ ጉዳይ ላይ ከምታወጪው ብር ሁሉ ጥሩ የሚሰራልሽ እሱ ነው።

አሁን ወዳስጨነቀሽ ነገር።

እህቴ፣ መጻፍ ጠብ አይደለም። ይሉኝታ ጥሩ ነገር ነው፣ አብሮ ያኖረን እሱ ነው፣ ግን እዚህ አገር ኮንስትራክሽን ላይ ብዙ ቤተሰብ በይሉኝታ ቤቱ ሲፈርስበት አይቻለሁ። አንድ የማውቀው ቤተሰብ እንደናንተው በሽማግሌ ጀመረ፣ ሶስት እሁድ ተቀመጡ፣ "ያስተካክላል" ተባለ፣ ተሳሳሙ፣ እንጀራ ተበላ። ምን ያስተካክላል፣ በምን ያስተካክላል፣ እስከመቼ ያስተካክላል የሚል አንድ መስመር አልተጻፈም። ሰውየው መጥቶ ለሰነ፣ በአመቱ ያው ቦታ ተከፈተ፣ ያኔ ሽማግሌዎቹም አንዱ አገር ቤት ሄዷል፣ አንዱ አላስታውስም አለ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ዛሬ በቤተክርስቲያን በር ላይ እንኳን ሰላም አይባባሉም። ያልተጻፈው ነገር ነው ያጣላቸው። ስለዚ ሽማግሌ ይቀመጥ፣ እኔም እደግፈዋለሁ፣ ባለቤትሽ ልክ ነው፣ ግን ወረቀቱ ከሽማግሌው ይቅደም፣ ሽማግሌው የሚስማማበትም ነገር ተጽፎ ቀን ተቆርጦለት ሁለቱም ይፈርሙበት። የልጅሽ ክርስትና እናት ደግሞ ልጅሽ በኤሌክትሪክ እንድትነዘር የምትፈልግ አይመስለኝም፣ ሄደሽ አንቺው ራስሽ በአፍሽ ንገሪያት፣ ደብዳቤ እንደምትልኩም ንገሪያት፣ ፖስተኛ ሲያመጣው እንዳትደነግጥ።

ሕጉን በአጭሩ ልንገርሽ። ቴክሳስ ውስጥ ፑል ለመስራት ራሱን የቻለ የስቴት ላይሰንስ አይጠየቅም፣ ስለዚ ላይሰንሱን ላስቀጣ ብለሽ የምትሄጂበት ቢሮ የለም፣ ያለሽ ኮንትራቱና ሕጉ ነው። የቴክሳስ ፕሮፐርቲ ኮድ ምዕራፍ 27 የመኖሪያ ቤት ግንባታ ጉድለትን የሚመለከት ነው፣ ከቤት ጋር ተያይዞ የተሰራ እንደ ፑል ያለ ነገርንም ይጨምራል። እሱ እንደሚለው ክስ ከመመስረትሽ ቢያንስ 60 ቀን በፊት ጉድለቶቹን ዘርዝረሽ ለሰሪው በጽሁፍ ማሳወቅ አለብሽ፣ በሰርቲፋይድ ሜይል፣ መድረሱን የሚያረጋግጠው ካርድ ተመልሶ እንዲመጣ አድርገሽ። ሰሪውም መጥቶ የማየትና ጥገና የማቅረብ እድል ይሰጠዋል፣ እንዳትከለክዪው፣ ሌላ ኮንትራክተር አምጥተሽም ቀድመሽ አታስፈርሺ፣ ከኤሌክትሪኩ በስተቀር። እና ያ የፈራሽው ደብዳቤ ሕጉ ራሱ ከክስ በፊት ሰዎች እንዲነጋገሩ ብሎ ያስቀመጠው ነገር ነው። ደብዳቤው ላይ ስሜትሽን አትጻፊ፣ "ከስኪመሩ ስር ይሄን ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ፣ በዚህ ቀን ተለክቶ ውሃው ከባልዲው ይሄን ያህል በላይ ወርዷል፣ የአጥሩና የቤቱ ጎን ልዩነት ይሄን ያህል ኢንች ነው" እያልሽ ቁጥርና ፎቶ ብቻ። ቴክስቶቹን ሁሉ ስክሪንሾት አድርጊያቸው፣ "የእግዜር ስራ ነው" ያለውን ጭምር። የኮንትራት ክስ 4 አመት፣ በሸማቾች ጥበቃ ሕግ ያለው ደግሞ 2 አመት ነው ጊዜው፣ ሽማግሌ ቀጠሮ ባስተላለፈ ቁጥር ያ ጊዜ አይቆምም።

ሊየኑን በተመለከተ አትደንግጪ። የምትኖሩበት ቤት ሆምስቴድ (ሕጉ ለይቶ የሚጠብቀው ዋና መኖሪያ) ከሆነ ሊየን እንዲሁ በቴክስት አይያዝበትም፣ ስራው ከመጀመሩ በፊት የተጻፈ ኮንትራት መኖር አለበት፣ ባልና ሚስት ሁለታችሁም መፈረም አለባችሁ፣ ኮንትራቱም ካውንቲ ክለርክ (የካውንቲው መዝገብ ቤት) ጋር መመዝገብ አለበት። ማን ማን እንደፈረመ እዪው፣ መመዝገቡንም ካውንቲው ጋር አጣሪ። ቀሪውን 8 ሺ ከመክፈላችሁም ሆነ አንከፍልም ከማለታችሁ በፊት ኮንትራቱን ይዛችሁ የኮንስትራክሽን ሎየር ዘንድ አንድ ሰአት ቁጭ በሉ፣ ብዙ ኮንትራት ላይ አርቢትሬሽን (ከፍርድ ቤት ውጪ በግልግል ዳኛ መጨረስ) የሚል አንቀጽ አለ፣ "የአፈር እንቅስቃሴ አይመለከተንም" የሚልም አለ፣ እሱን የሚያነብላችሁ እኔ ሳልሆን ሎየር ነው። ብር መያዝ ነውር እንዳይመስልሽ ግን፣ ሕጉ ራሱ ባለቤቱ ከኮንትራቱ 10 ፐርሰንቱን ስራው ካለቀ በኋላ ለ30 ቀን እንዲይዝ ያዛል፣ ታይል የለጠፉትና ኮንክሪት ያቀረቡት ሰዎች ሳይከፈላቸው ቀርቶ ወደ ቤታችሁ እንዳይመጡ ነው። የመጨረሻው ክፍያ ሲመጣም ሁሉም ተከፍለዋል የሚል ቃለ መሐላ የተጻፈበት ወረቀት ከሰሪው ተቀበዪ። "ስራው ተጠናቋል ተረክቤያለሁ" የሚል ነገር ግን ይዞልሽ ቢመጣ አትፈርሚ። ከተማው ጋር ደውለሽም ፐርሚቱ ወጥቶ እንደነበርና የመጨረሻው ኢንስፔክሽን ማለፉን ጠይቂ፣ የቦንዲንጉ ኢንስፔክሽን ካልተደረገ የልጅሽ ነገር መልሱ እዛው ይገኛል።

ኤሌክትሪሽያኑ ምን እንዳገኘ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ

ሰላም ጋሼ፣ ቨርጂኒያ ነኝ። አዲሱ ፑላችን ግራጫ ፕላስተር ነው፣ ከተሞላ 3 ሳምንቱ ነው፣ ግን አንዱ ቦታ ጠቆር ሌላው ቦታ ፈዘዝ ብሎ ደመና መስሏል። ተበላሽቶ ነው? አስፈርሼ ላስለብሰው?

መልስ

አታስፈርስ ወንድሜ። ሲሚንቶ እኩል አይደርቅም፣ ባለቀለም ፕላስተር ላይ ደግሞ ጎልቶ ይታያል። በየቀኑ እየቦረሽክ፣ ውሃው ሚዛኑን እንዲጠብቅ እያደረክ ጥቂት ወራት ስጠው፣ ብዙው ይቀላቀላል። ሳሙና እንደነካው የሚያዳልጥ ወይ በሳንቲም ሲመታ ባዶ የሚጮህ ቦታ ካገኘህ ግን ያኔ ጻፍልኝ።

ጥያቄ

ጋሼ እንደምን ከርመዋል፣ እኔ ሚኒያፖሊስ ነው ምኖረው። ቢሾፍቱ ላይ ለእናቴ መጦሪያ ትንሽ ገስት ሃውስ ሰርቼ ነበር፣ ፑልም አለው። ርክክብ ካደረግን 2 አመት ከምናምን ሆነ፣ ሴራሚኩ እየረገፈ ነው፣ ውሃውም ይጎድላል፣ እናቴ በየሳምንቱ ውሃ በቦቴ ትገዛለች። ኮንትራክተሩ ዋስትናው 1 አመት ነበር አልፏል ይላል። አንዱ ዘመድ ደግሞ በተሻለ ሴራሚክ አስለብሰው ይለኛል።

መልስ

ወንድሜ፣ እዛ 1 አመት የሚሉት ኮንትራቱ ላይ ያለው የጉድለት ማረሚያ ጊዜ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 ግን ተቋራጩ ለስራው በአግባቡ መሰራትና ለጥንካሬው ከርክክብ ጀምሮ ለ10 አመት ዋስ ነው፣ በአሰራር ጉድለትም ሆነ በመሬቱ ጠባይ ለሚመጣ ብልሽት ሁለቱም ላይ ይጠየቃል። ስለዚ አልፏል አይበልህ፣ የርክክቡን ሰነድ ፈልግ፣ ቀኑ እሱ ላይ ነው ያለው። እናትህን ውክልና ከሰጠሃት በሷ በኩል፣ ካልሆነ ለምታምነው ሰው ውክልና ልከህ ጉድለቱን በጽሁፍ አስታውቀው።

ሴራሚክ መቀየሩን ግን አቁመው። ሴራሚክ ውሃ አይይዝም፣ ውሃ የሚይዘው ከስሩ ያለው ኮንክሪትና ውሃ መከላከያው ነው፣ ወርቅ ብታለብሰው ከስር የሚያፈስ ከሆነ መልሶ ይረግፋል። የረገፈውን አንዱን ገልብጦ ጀርባውን ፎቶ እንዲልክልህ አንድ ሰው ጠይቅ። ሙሉ ጀርባው በማጣበቂያ ካልተሸፈነ፣ አምስት ቦታ ላይ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ ከሆነ፣ ከጀርባው ውሃ ተኝቶ እየገፋው ነው የረገፈው። ቦታው ላይ ያለው አፈርም ይታይ፣ ማኛው ጤፍ የሚበቅልበት የአድዓ መረሬ ከሆነ ከላይ ለጋርላንዷ እህታችን ያልኩትን ስለ ስንጥቅና ስለ ውሃ ልክ አንብበህ ያንኑ አስለካ።

እንደገና የሚሰራ ከሆነ ደግሞ ቅደም ተከተሉን አንተ ያዝ፦ ሴራሚኩ ሁሉ ይነሳ፣ ስንጥቅ ካለ ምክንያቱ ታውቆ ይጠገን፣ ኮንክሪቱ እርቃኑን እያለ ውሃ ይሞላና ከጎኑ ባልዲ ተቀምጦ 7 ቀን ይታይ። እናትህ ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ላይ በከሰል ታስምር፣ የሷን መስመር ፎቶ ሳታይ ለሴራሚክ አንድ ብር እንዳትልክ።